የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ባክቴሪያን ይገታሉ ወይ? ከቅጠል መልቀም እስከ ኤም.አይ.ሲ. ድረስ ፈተናውን ሳታበላሹ ለመሥራት

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን የማየው ነገር አለ። ተማሪው ሁለት ወር ለፍቶ ፕሌቱን (አጋር ላይ ባክቴሪያ የተዘራበትን ሳህን) ይዞልኝ ይመጣል። አንዱ ፕሌት ላይ የሚፈተነው ፈሳሽ በሚሞላበት ጉድጓድ ሁሉ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አለ፤ ማሟሚያው ብቻ የገባበት ጉድጓድ ጭምር። ሌላው ላይ ደግሞ አንቲባዮቲኩ እንኳ አልሠራም። ከሁለቱም ስለ ቅጠሉ የምንማረው ነገር የለም። ቅጠሉ ጥፋት የለበትም፣ ተማሪውም ሰነፍ አይደለም። የተበላሸው ዝግጅቱ ላይ ነው። ስለዚህ የተለመዱትን መሳሳቻዎች በየቦታቸው እያሳየሁ ቅደም ተከተሉን ልዘርዝረው።

አንድ ነገር በቅድሚያ፦ ይህ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ኩሽና ውስጥ አይሠራም። በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚያዘው የሠለጠነ ኃላፊ፣ ኦቶክሌቭና የደኅንነት ካቢኔት ባለበት ላብራቶሪ ብቻ ነው። ከታካሚ የተወሰደ ናሙና ደግሞ ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይነካም። ለመጀመሪያ ሥራ መደበኛዎቹ የኤ.ቲ.ሲ.ሲ. (የታወቀው የባክቴሪያ ክምችት) ዝርያዎች ከበቂ በላይ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዕፅዋቱንና ባክቴሪያውን አጣጥሙ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ገና እዚህ ነው። ዳማከሴ ለምች ይጠቅማል ይባላልና ባክቴሪያ ላይ ልሞክረው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይመጣል። ግን ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ስታፍ (ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ) ላይ ሞክራችሁ አልሠራም ብትሉ የምችን ነገር አልፈተናችሁም። ጭርትና ቋቁቻም ፈንገስ ናቸው። ብሳና ለጭርት ይቀባል ተብሎ ኢ. ኮላይ ላይ ከተሞከረ ፈተናውና ጥያቄው አይገናኙም።

ስለዚህ መድኃኒት አዋቂውን ዝም ብላችሁ "ለምን ይጠቅማል?" አትበሉ። ምልክቱን ጠይቁ፦ መግል አለው? ያብጣል? ትኩሳት አለው? ብጉንጅ ካሉ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የሚያመረቅዝ የቆየ ቁስል ካሉ ስታፍ ላይ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን ጨምሩ። የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ (ቅጠል፣ ሥር፣ ልጥ)፣ በምን እንደሚዘጋጅ፣ ትኩስ ይሁን ደረቅ፣ ሁሉንም ጻፉ። በውኃ ተወቅጦ የሚጠጣን ነገር በሜታኖል ብቻ ፈትናችሁ "የባህሉን አጠቃቀም አረጋገጥን" ማለት አይቻልም። የውኃውንም አብራችሁ ሥሩ።

ለጀማሪ የምመክራቸው ሦስት ዝርያዎች እነዚህ ናቸው፦ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25923፣ ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 እና ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 27853። ኤም.አይ.ሲ. (እድገትን የሚያቆመውን ትንሹን መጠን) ለመለካት ስትደርሱ ስታፉን በኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 29213 ቀይሩት። 25923 ለዲስክ ፈተና (አንቲባዮቲክ በነካው ክብ ወረቀት ለሚሠራው) የተመደበ መቆጣጠሪያ ነው፣ የኤም.አይ.ሲ. መቆጣጠሪያው 29213 ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ደግሞ ኢ. ኮላይ 25922 መርዝ የማያመነጭ የቁጥጥር ዝርያ ስለሆነ፣ እሱ ላይ ሠራ ማለት ተቅማጥ ይፈውሳል ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ መልቀምና ማንነቱን ማረጋገጥ

1. ከመልቀማችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ሰው በተለይ ይህን ሳይጨርስ አንድ ቅጠል አያንቀሳቅስ።
2. አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቁረጡ። በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ተጭናችሁ አድርቁና ወደ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ወደሚቀመጥበት ቤት) ውሰዱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ለዚህ የታወቀ ነው። ሳይንሳዊ ስሙንና የናሙና ቁጥሩን ተቀበሉ።
3. ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውንና የለቀማችሁትን ክፍል መዝግቡ።

መርካቶ ሄዶ ደርቆ የተፈጨ ነገር በፌስታል ገዝቶ መምጣት ቀላል ነው። ግን አበባም ቅርንጫፍም የሌለውን ዱቄት ማንም ባለሙያ በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም። የሠፈር ስም ብቻውንም አያስተማምንም። "እሬት" ስንል በአገራችን በደርዘን የሚቆጠሩ ዝርያዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። የትኛውን ፈተናችሁ ተብላችሁ መልስ ከሌላችሁ ሌላ ሰው ሥራችሁን ሊደግመው አይችልም።

ደረጃ 3፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መፍጨት

በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ አንጠፍጥፉ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በስሱ ዘርጉት፣ በየቀኑ አገላብጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ሙቀቱና ብርሃኑ የሚፈለገውን ነገር ያበላሻል። ቅጠል እንደ አየሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በእጃችሁ ስታሹት ጠሽ ጠሽ እያለ ከተሰባበረ ደርቋል። ከታጠፈ አልደረቀም።

ሻጋታ ካያችሁበት ጣሉት። የሻገተውን ለይቼ የቀረውን ልጠቀም አትበሉ፣ ምክንያቱም ሻጋታ ራሱ ፀረ ባክቴሪያ ነገር ያመነጫል። ፔኒሲሊን ከየት እንደመጣ አስታውሱ። የምታዩት ክብ የሻጋታው ይሁን የቅጠሉ ማን ያውቃል?

ሲደርቅ ፍጩት፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ወፍጮውን በየዕፅዋቱ መሐል እጠቡት። በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ጨርሶ አይነካም።

ደረጃ 4፦ መንከርና ማሟሚያውን ማስወገድ

1. 100 ግራም ዱቄት መዝኑ። 800 ሚ.ሊ. ሜታኖልና 200 ሚ.ሊ. የተጣራ ውኃ ቀላቅላችሁ አፍስሱበት።
2. ክዳኑን ዝጉና ሼከር ላይ 72 ሰዓት ይቆይ። ሼከር ከሌለ በየጥቂት ሰዓቱ በእጅ ናጡት።
3. በሻሽ፣ ከዚያ በዋትማን ቁጥር 1 ማጥለያ አጥልሉ።
4. አተላውን በአዲስ ማሟሚያ ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ንከሩ። ሦስቱን ፈሳሽ አንድ ላይ ቀላቅሉ።
5. በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከ40 ዲግሪ ሳታስበልጡ አትንኑ።
6. የቀረውን ውኃ በፍሪዝ ድራየር፣ ከሌለ በ40 ዲግሪ ኦቨን አድርቁት።
7. መዝኑ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግማችሁ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አላለቀም።

ሰባተኛው ላይ አደራ እላለሁ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ኤክስትራክቱ (ማሟሚያው ከተነነ በኋላ የሚቀረው) ዝፍት መስሎ ሲወፍር ደርቋል ብዬ ተውኩት። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ያገኘሁት ሁሉ የሚያምር ነበር፣ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ክቦች። በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው የሜታኖል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እንደገና አድርቄ ስደግመው ክቡ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ወረደ። የሦስት ሳምንቱ መዝገብ ሁሉ ተሰረዘ። ዝፍት የሚመስል ነገር ሁልጊዜ ተጠራጠሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። ጭስ መሳቢያው ውስጥ ብቻ ሥሩ። አጠገቡ ነበልባል አይኑር። በሜታኖል የወጣ ኤክስትራክት ማንም ሰው እንዳይቀምሰው።

የውኃውን ኤክስትራክት ስትሠሩ ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ አታቆዩት፣ ይበላሻል። ቢበዛ 24 ሰዓት ነክራችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ወዲያው አቀዝቅዛችሁ በፍሪዝ ድራየር አድርቁት። ጦስኝና ጤና አዳምን የመሳሰሉ መዓዛቸው የሚያውድ ዕፅዋት ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ኃይላቸው በአብዛኛው ዘይታቸው ውስጥ ነው፣ ዘይቱም ስታተኑና ስታደርቁ ብን ብሎ ይጠፋል። እነሱን በእንፋሎት አንጥሩና ዘይቱን ለብቻው ፈትኑ።

የተገኘውን መጠን በመቶኛ ጻፉ። ከ100 ግራም 12 ግራም ከወጣ 12 በመቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም፣ ማሟሚያና ቀን ለጥፋችሁ 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ለጉድጓድ የሚሆነውን ማሟሟት

1 ግራም ኤክስትራክት ላይ 1 ሚ.ሊ. ዲኤምኤስኦ (ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለው ማሟሚያ) ጨምሩና በደንብ አሽከርክሩት። ከተፈታ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ የጸዳ ውኃ እየጨመራችሁ 10 ሚ.ሊ. አድርሱት። በአንድ ሚ.ሊ. 100 ሚሊ ግራም፣ ዲኤምኤስኦውም 10 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በ10 በመቶ ዲኤምኤስኦ እያቀጠናችሁ 50 እና 25 አዘጋጁ። ውኃውን ቀድሞ የጨመረ ሰው ኤክስትራክቱ ሊጥ ሆኖ ይጓጉልበታል።

ታች የሚዘቅጥ ነገር ካለ "ሟሟ" ብላችሁ አትጻፉ። የተዘቀጠው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ መጠኑ በየጊዜው ይለያያል። ጓንት አድርጉ፤ ዲኤምኤስኦ በቆዳ ይገባል፣ የሟሟበትንም ይዞ ይገባል።

ከእያንዳንዱ ጥቂት ጠብታ ኑትሪየንት አጋር ላይ አድርጋችሁ አሳድሩ። የበቀለ ነገር ካለ ኤክስትራክታችሁ ንጹሕ አይደለም፣ በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፉት።

ደረጃ 6፦ አጋሩና ኦቶክሌቩ

ሙለር ሂንተን አጋር ተጠቀሙ፣ ሌላ አይሆንም። በብዛት 38 ግራም በሊትር ነው፣ ግን ቆርቆሮው ላይ ያለውን አንብቡ። 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ይቀቀል። ፒኤችው ከ7.2 እስከ 7.4 ይሁን።

እዚህ ላይ በመጽሐፍ ብዙም የማይነገር የደጋ ችግር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ኦቶክሌቭ ካላችሁ፣ መመሪያው "15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው" ይላል። ያ ለባሕር ዳርቻ ነው። የእኛ አየር ስስ ስለሆነ በዚያው 15 ላይ የምታገኙት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ለማግኘት ወደ 18 ወይም 19 መውጣት አለበት። ያለ ምክንያት አጋራችሁ በየሳምንቱ የሚበላሽባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

መፍትሔው መለኪያውን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ማመን ነው። ኦቶክሌቩ የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት ሰውነቱ ላይ ተጽፏል፣ ከሱ በፍጹም አትለፉ። ካልደረሰላችሁ ጊዜውን አራዝሙና ስፖር ባለበት መሞከሪያ ወይም ቢያንስ በኦቶክሌቭ ቴፕ ፈትኑ። ቴፑ ግን ሙቀት እንደነካው እንጂ መጽዳቱን አያረጋግጥም። ሙቀትን በራሱ የሚቆጣጠር አዲስ ኦቶክሌቭ ላላችሁ ይህ ሁሉ አያሳስባችሁም።

አጋሩ ወደ 45–50 ዲግሪ ሲበርድ (ጠርሙሱን ጉንጫችሁ አጠገብ ስታደርጉት ሳያቃጥል ሞቅ ሲል) በ90 ሚሊ ሜትር ፕሌት 25 ሚ.ሊ. አፍስሱ። ጥልቀቱ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ይሁን። ባንዱ በኩል የሳሳ አጋር ክቡን ሞላላ ያደርገዋል፣ በጠቅላላው የሳሳ ደግሞ ክቡን ያለ አግባብ ያሰፋዋል። ሁለት ፕሌት ምንም ሳትነኩ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩ። የበቀለ ካለ ሙሉውን ዙር ጣሉ።

ደረጃ 7፦ የባክቴሪያውን ብዛት ማስተካከል

1. ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ዝርያውን ኑትሪየንት አጋር ላይ አሳድሩት። የሳምንት አሮጌ ኮሎኒ አይሆንም።
2. አራት ወይም አምስት ተመሳሳይ ኮሎኒ በሉፕ ጫፍ ነክታችሁ የጸዳ የጨው ውኃ (0.85 በመቶ) ውስጥ በጥብጡ።
3. ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ፈሳሽ) ጋር አስተያዩት። ስፔክትሮፎቶሜትር ካለ በ625 ናኖ ሜትር ከ0.08 እስከ 0.13 ይነበብ።
4. በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጠቀሙበት።

ማክፋርላንዱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ 99.5 ሚ.ሊ. 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ 0.5 ሚ.ሊ. 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ። አሲዱን ስታቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይገባል፣ ውኃው ወደ አሲዱ አይገባም። ከመጠቀማችሁ በፊት በደንብ ነቅንቁት፣ ምክንያቱም ይዘቅጣል። ጥቁር መስመር የተሠመረበት ነጭ ወረቀት ከኋላ ይዛችሁ ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን ስታዩ፣ መስመሩ በሁለቱም እኩል መደብዘዝ አለበት።

ይህ በአንድ ሚ.ሊ. 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ነው። ከዚህ ከበዛ ክቡ ይጠባል፣ ካነሰ ይሰፋል። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጠል ላይ የተለያየ ውጤት ሲያገኙ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ እዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ መቀባት፣ መብሳት፣ መሙላት

1. ፕሌቱ ላይ ላብ ካለ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ኢንኩቤተር ውስጥ አድርቁ።
2. የጸዳ ስዋብ ንከሩ፣ ከፈሳሹ በላይ የቱቦው ግድግዳ ላይ ተጭናችሁ ጨመቅ አድርጉት።
3. ሙሉውን ገጽ ቀቡ፣ ፕሌቱን 60 ዲግሪ አዙራችሁ ደግማችሁ ቀቡ፣ ሦስተኛም ጊዜ። መጨረሻ ላይ ጠርዙን ዙሩ።
4. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይድረቅ።
5. በ6 ሚሊ ሜትር ኮርክ ቦረር ብሱ። ቦረሩን በአልኮል ነክራችሁ በእሳት አሳልፉት፣ ከዚያ ይብረድ። የጋለ ቦረር ዙሪያውን ያቀልጣል።
6. የተቆረጠውን አጋር በጸዳ መርፌ አውጡ። ጠርዙ ከተቀደደ ያንን ጉድጓድ ተዉት።
7. የቀለጠ አጋር አንድ ጠብታ ታች አድርጉ። ይህን ካልዘጋችሁ ፈሳሹ በአጋሩና በፕሌቱ መሐል ይሾልካል።
8. 50 ማይክሮ ሊትር ሙሉ። ጉድጓዱ የሚይዘው 113 ገደማ ስለሆነ 100 የሞላ ሰው ፕሌቱን ሲያነሳ ይፈስበታል።

በአንድ ፕሌት ከአምስት ቦታ አትለፉ፦ ሦስቱ መጠኖች፣ ባዶው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ፣ እና 10 ማይክሮ ግራም ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ዲስክ። የጉድጓዶቹ መሐል ለመሐል ርቀት ቢያንስ 24 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ፕሌቱን 1 ሰዓት በክፍል ሙቀት አስቀምጡት፣ ፈሳሹ ይስረግ። ከዚያ 35 ዲግሪ ላይ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። ደግሞም አትገልብጡት! ሁልጊዜ ፕሌት ገልብጡ ተብለን ስለተማርን እጃችን በልማድ ይገለብጠዋል፣ የጉድጓድ ፈተና ሲገለበጥ ግን ሁሉም ክዳኑ ላይ ይፈሳል።

ደረጃ 9፦ ማንበብ

መጀመሪያ ቅጠላችሁን አትዩ። ጉጉቱ ይገባኛል፣ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ምንጣፉን እዩ። ባክቴሪያው ያለ ክፍተት፣ እኩል በቅሏል? የተነጣጠሉ ኮሎኒዎች ከታዩ ብዛቱ አንሷል፣ ድገሙት። ቀጥሎ ባዶውን ጉድጓድ እዩ። ጠርዙ ድረስ መብቀል አለበት። ቀጥሎ ጄንታማይሲኑን ለኩ፦ ኢ. ኮላይ 25922 ላይ ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር፣ ስታፍ 25923 ላይ ከ19 እስከ 27። ከዚህ ከወጣ ፕሌቱ ዋጋ የለውም፣ የቅጠሉ ክብ የቱንም ያህል ቢያምር።

ሦስቱም ካለፉ አሁን ቅጠሉን ለኩ። ፕሌቱን ጥቁር ነገር ላይ ደፍታችሁ በጀርባው በካሊፐር፣ ጉድጓዱን ጨምራችሁ። ጠርዙን አስተውሉ። አንዳንዱ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ሌላው ጭጋግ ይመስላል፣ ውስጡ ስስ ነገር አለ። ጭጋጉ ግማሽ መገታት ነው። የምትለኩት ሙሉ ለሙሉ የጠራውን ብቻ ነው፣ ጭጋጉን በማስታወሻ ጻፉት። የኤክስትራክቱ ቡናማ ቀለም አጋሩ ውስጥ ሲሰርግም ክብ ይመስላል፣ አትታለሉ። በሉፕ ነካ አድርጉት፤ ባክቴሪያ ካለ ይነሳል።

እንግዲህ ክቡን ከጄንታማይሲን ጋር አወዳድሮ "ከአንቲባዮቲክ ይበልጣል" የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። 100 ሚሊ ግራም በሚ.ሊ. ካለው 50 ማይክሮ ሊትር ስትሞሉ 5,000 ማይክሮ ግራም አስገብታችኋል። ዲስኩ ላይ ያለው 10 ነው። አምስት መቶ እጥፍ! ሁለት ዕፅዋትንም በክብ ስፋት አታበላልጡ። አጋር ውስጥ በቀላሉ የሚጓዝ ነገር ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ኃይለኛ ሆኖ የማይጓዝ ደግሞ ጠባብ። ይህ ፈተና የሚነግራችሁ አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ስንት ለሚለው የሚቀጥለው ደረጃ አለ።

ደረጃ 10፦ ኤም.አይ.ሲ.፣ ማለትም እድገትን የሚያቆመው ትንሹ መጠን

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌትና ካቲዮኑ የተስተካከለ ሙለር ሂንተን ብሮዝ ያስፈልጋል።

1. በንጹሕ ዲኤምኤስኦ 200 ሚሊ ግራም በሚ.ሊ. አሟሙ። ከዚያ አንዱን በ19 ብሮዝ አቅጥኑ። 10 ሚሊ ግራም በሚ.ሊ. ሆነ።
2. ከ2 እስከ 12 ባሉት ጉድጓዶች 100 ማይክሮ ሊትር ብሮዝ ጨምሩ። 12ኛው ላይ ሌላ 100 ጨምሩ።
3. 1ኛው ላይ ያቀጠናችሁትን 200 አድርጉ። ከሱ 100 ወስዳችሁ ወደ 2ኛው፣ ደባልቃችሁ 100 ወደ 3ኛው፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 10ኛው። ከ10ኛው 100 ወስዳችሁ ጣሉ። በየመሐሉ የፒፔት ጫፍ ቀይሩ።
4. 0.5 ማክፋርላንዱን 0.1 ሚ.ሊ. ወስዳችሁ 14.9 ሚ.ሊ. ብሮዝ ላይ ጨምሩ። ከዚህ ከ1 እስከ 11 ላሉት 100 ማይክሮ ሊትር ስጡ። ባክቴሪያው በሚ.ሊ. 500,000 ገደማ ይሆናል።
5. 11ኛው ኤክስትራክት የለውም፣ መብቀል አለበት። 12ኛው ባክቴሪያ የለውም፣ መጥራት አለበት።
6. ሸፍናችሁ 35 ዲግሪ ላይ ከ16 እስከ 20 ሰዓት።

የመጨረሻው መጠን ከ5 ሚሊ ግራም ተነስቶ በየግማሹ እየወረደ 0.01 አካባቢ ይደርሳል። ዲኤምኤስኦው 1ኛው ላይ 2.5 በመቶ ነው።

ረድፎቹን እንዲህ መድቡ፦ ሦስቱ ለኤክስትራክት፣ አንዱ ባክቴሪያ ለሌለው ኤክስትራክት (በባክቴሪያው ፈንታ ባዶ ብሮዝ ይሰጠዋል)፣ አንዱ ለዲኤምኤስኦ ብቻ፣ አንዱ ለጄንታማይሲን። ባክቴሪያ የሌለውን ረድፍ ቦታ ለመቆጠብ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። አትዝለሉት። የቅጠል ኤክስትራክት አረንጓዴና ድፍርስ ስለሆነ በዓይን መብቀሉን መለየት አይቻልም፤ ለዚህ 0.015 በመቶ ሬዛዙሪን 30 ማይክሮ ሊትር እንጨምራለን። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ሕይወት ያለበት ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይቀየራል። ግን አንዳንድ ኤክስትራክት ያለ ባክቴሪያም ሬዛዙሪንን ሮዝ ያደርጋል። ያንን የሚያጋልጠው ያ ረድፍ ብቻ ነው።

ጄንታማይሲኑን የመጨረሻው መጠን ከ16 ማይክሮ ግራም እንዲጀምር አድርጉ። ኤም.አይ.ሲ.ው ለኢ. ኮላይ 25922 ከ0.25 እስከ 1፣ ለስታፍ 29213 ከ0.12 እስከ 1 ከወጣ ሥራችሁ ልክ ነው።

የገታውን መጠን አገኛችሁ። ገድሎ ነው ወይስ አስተኝቶ? ሬዛዙሪን ሳትጨምሩ በፊት ከእያንዳንዱ ጉድጓድ 10 ማይክሮ ሊትር ወስዳችሁ ንጹሕ አጋር ላይ አሳድሩ። ከጠሩት ውስጥ ከመነሻው ብዛት 99.9 በመቶ የጠፋበት ትንሹ መጠን የሚገድለው ነው።

አንድ እርምጃ ሲበላሽ

ስታፍ ላይ ሠርቶ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ ላይ እምቢ ካለ፦ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። የእነዚህ ሁለቱ ውጫዊ ሽፋን ብዙ የዕፅዋት ነገር አያስገባም። የሆነውን ጻፉ።

ባዶው ዲኤምኤስኦ ክብ ከሠራ፦ መጠኑን አሳንሱ፣ ሁሉንም ድገሙ። የባዶውን ክብ ከቅጠሉ ላይ መቀነስ መፍትሔ አይደለም።

ክቡ ውስጥ ጥቂት ኮሎኒ ከታየ፦ አንዱን አንሱና ግራም ቀለም ሥሩለት። ሌላ ባክቴሪያ ከሆነ ብክለት ነው። ያው ራሱ ከሆነ የተቋቋሙ አሉና መዝግቡ።

ኤም.አይ.ሲ. ላይ እየዘለለ ከበቀለ (ጠራ፣ በቀለ፣ ጠራ)፦ አንድ ጉድጓድ ብቻ ከዘለለ ያንን ረድፍ ድገሙ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ፕሌቱን። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አለመደባለቅ ነው።

መብራት ከሄደ፦ ኢንኩቤተሩን አትክፈቱ። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። ረጅም ከሆነና ሙቀቱ ከወረደ ሰዓት ጨምሬ አካክሰዋለሁ አትበሉ፣ ፕሌቱን ጣሉና ድገሙ። ፍሪጅ ውስጥ ላለው ኤክስትራክት በረዶ ያለበት ሳጥን አዘጋጁ።

ውጤቱ ከቀን ወደ ቀን ከተለያየ፦ ዝርያውን ከአጋር ወደ አዲስ አጋር ስንት ጊዜ አዛወራችሁት? ከአምስት ጊዜ በላይ ከሆነ ከፍሪዘር አዲስ አውጡ።

ማስወገድና መጻፍ

የተነካ ሁሉ፣ ፕሌትም ጫፍም ስዋብም፣ ኦቶክሌቭ ሳይገባ ከክፍሉ አይወጣም። ጠረጴዛውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥናችሁ ጥረጉ። የዛሬውን ዛሬ በጥብጡ፣ የትናንቱ ኃይሉ ይደክማል። በረኪናና አሲድ አይገናኙ፣ በረኪና ያለበትም ኦቶክሌቭ አይግባ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ሙሉውን ሥራ በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙ። አንድ ፕሌት ላይ ሦስት ጉድጓድ መሥራት ሦስት ጊዜ መድገም አይደለም። ስትጽፉ አማካዩን ከነልዩነቱ፣ የመቆጣጠሪያዎቹን ቁጥር፣ የናሙና ቁጥሩን አስገቡ። ብዙ ተመራማሪዎች ጥሬ ኤክስትራክት በሚ.ሊ. ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ከገታ ጥሩ፣ ከ1,000 በላይ ከፈለገ ደካማ ይሉታል። ደካማ ከሆነም ደካማ ብላችሁ ጻፉ።

ወደ መድኃኒት አዋቂው ተመለሱ። ሥራውን ያካፈላችሁ እሱ ነው። ይዛችሁ ስትሄዱ ግን "ሠራ፣ ጠጡት" እንዳትሉ። ፕሌት ላይ ስታፍን የገታ ነገር ጉበትም ሊጎዳ ይችላል፣ እኛ ደግሞ ያንን አልፈተንም። "አባባ፣ ያሉኝን ቅጠል በዚህ ባክቴሪያ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይህን ያህል ገታው፣ ለሰው ስለመሆኑ ገና አላየሁም" በሏቸው። የአንድ ፕሌት ፎቶ አትማችሁ ውሰዱላቸው፤ ክቡን በጣታችሁ እያሳያችሁ የትኛው ጉድጓድ የእሳቸው ቅጠል እንደሆነ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ አስረዷቸው። ከዚያ ቅጠሉን በየትኛው ወር እንደሚለቅሙት ጠይቁ፣ መልሱ የሚቀጥለውን ናሙና መቼ እንደምትለቅሙ ይነግራችኋል።